ለፕሬዚዳንቱ፣ ከወይዘሮ ስቶዳርድ

ፕሬዚዳንት ያለው ኮሌጅ ሁሉ፣ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ የምትጽፍ አንዲት እናት አለችው። ኮሌጅ ያለ ጥሩ ጣሪያ ሊቆይ ይችላል፤ ያለ መጻሕፍትም ዓመታት ይገፋል፤ ያለዚህች ሴት ግን አንድ ሰሞን አይዘልቅም። ለእኛ፣ በኦሃዮ፣ በማርሎ ክሪክ፣ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ኬዛያ ስቶዳርድ ነበሩ፤ የአሥራ አንድ ላሞች እመቤት፣ ባላቸው የሞተባቸው አይብ ሠሪ፣ የፕሬዚዳንታችን የዶክተር ቴሪል የሰኞ ራስ ምታት።

ይህን የማውቀው ደብዳቤዎቹን የማነባቸው እኔ ስለነበርኩ ነው። የንግግር ጥበብ መምህር ነበርኩ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ መላሽም ሆኜ ቀረሁ። ልጁ ትምባሆ ያጨስ እንደሆነ የሚጠይቅ አባት አለ። ግሪክኛ ራሱን እያዞረው እንደሆነ የሚያመለክት ተማሪ አለ። ገለባ የተሞላ የሞተ ንስር ሰጥቶን ኮሌጁ በስሙ እንዲጠራለት የፈለገ ሽማግሌም ነበረ። እነዚህ መጥተው ይሄዳሉ። ወይዘሮ ስቶዳርድ ግን ሰኞ ሰኞ ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ስለ ፍራሽ ጻፉ። ለልጃቸው ለፊሊና የተሰጣት የገለባ ፍራሽ «ላሞቼ ከሚተኙበት የሳሳ ነው፤ ላሞቼ ደግሞ ላቲን አይጠየቁም» አሉ። ቀጥሎ ስለ ሾርባው። ቀጥሎ የጸሎት ቤቱ ደወል ስድስት ደቂቃ እንደሚዘገይ፤ ይህን ያወቁት ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ በሟች ባላቸው የኪስ ሰዓት ለክተው ነው። ከዚያም ዶክተር ቴሪል ራሱ ሲሰብክ ኢዮአስን ከኢዮስያስ እንዳምታታ፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን ጠቅሰው። ሁሉም ደብዳቤ የሚያበቃው በአንድ ቃል ነው፦ «አልተቆጣሁም፤ ማስታወሴ ነው።»

መልሳችንም አንድ ነበር። «ፕሬዚዳንቱ ሐሳብዎን በጥሞና ተመልክተውታል።» አልተመለከተውም። ፍራሹን የቀየርነውም ሆነ ደወሉን ያስተካከልነው ተደብቀን ነው፤ ሴትዮዋ ልክ ነበሩ እንዳይባል።

በአራተኛው ዓመት፣ በ1874 የጸደይ ወራት፣ አጭር ደብዳቤ መጣ። አጭር በመሆኑ ፈራሁ።

በኮሌጃችን ወግ፣ በምረቃ ቀን ወንዶቹ አንድ በአንድ ወጥተው ንግግራቸውን በቃላቸው ያሰማሉ። ሴቶቹም ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን ሴት በጉባኤ ፊት መናገሯ ነውር ነውና የጻፉትን የንግግር መምህሩ ያነብላቸዋል። እኔ ማለት ነው። ጽሑፉን የጻፈችው ልጅ ከኋላዬ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አነበብኩ። ስጨርስ ሕዝቡ የሚጨብጠው የእኔን እጅ ነው፤ እኔም «አመሰግናለሁ» እል ነበር። ብዙ የሚያሳፍር ነገር ሠርቼ አርጅቻለሁ፤ እንደዚያ «አመሰግናለሁ» የሚቆጠቁጠኝ ግን የለም።

«ልጄ የጻፈችውን ልጄ ታነባለች» ይላል ደብዳቤው። «አራት ዓመት ያስተማርኳት አፏን ዘግታ እንድትመለስልኝ አይደለም። አልተቆጣሁም፤ ማስታወሴ ነው።»

ዶክተር ቴሪል ሳቀ። «በጥሞና ተመልክተነዋል በላት።»

«ዶክተር፣ ይህን እንኳ ትንሽ ቢያስቡበት…»

«ልጅቷ አፏን ከከፈተች ዲፕሎማ የለም። እሱንም ጨምረህ ጻፍላት! ዛሬ ድምፅ ከፈቀድንላቸው ነገ ሱሪ ነው የሚጠይቁን።»

ጻፍኩ። በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩ።

ፊሊናን ከክፍል ስትወጣ አገኘኋት። «እናትሽ ነገሩን አከረሩት» አልኳት።

«እናቴ መቼ አላልታ ታውቃለች?»

«ታዲያ የቱ ይሻልሻል? ንባቡ ወይስ ዲፕሎማው?»

«ሁለቱም ናቸዋ፣ መምህር! ወንዶቹ ሁለቱንም አይደል እንዴ ይዘው የሚሄዱት?»

ሰው እንዴት እንደሚረታ የማስተምረው እኔ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ ሄድኩ።

የምረቃው ቀን ሙቀቱ አይጣል ነበር። ስድስት መቶ ሰው አዳራሹን ሞልቶ በወረቀት ያራግባል። ወይዘሮ ስቶዳርድ በጥቁር ባርኔጣ ከፊት ተቀምጠዋል። ወጥቼ ጉሮሮዬን ጠረግኩና የፊሊናን ጽሑፍ ጀመርኩ። «እኔ የገበሬ ሴት ልጅ፣ ጎህ ሳይቀድ አሥራ አንድ ላም የማልብ…» ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጢሜ ደረቴ ድረስ ነው። ቀጠልኩ። «…ፀጉሬን እየጎነጎንኩ የላቲን ግሥ የማጠና…» ራሴ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ብዬ ባይ ፊሊና እጇን እንዳጣጠፈች ናት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። የተሳቀው በእኔ መላጣ ነበር፤ ያለቀሰው ግን የእሷ አራት ዓመት ነው።

ወይዘሮ ስቶዳርድ ተነሡ።

«ፕሮፌሰር! ላም ያልባሉ?»

«አላልብም፣ እመቤቴ።»

«ፀጉርስ ይጎነጉናሉ?»

«እንደሚያዩኝ ነው።»

«ታዲያ የሰው ነገር ይዘው ምን ያደርጋሉ? ለባለቤቷ ይመልሱላታ!»

«ወይዘሮ ስቶዳርድ፣ ይቀመጡ!» አለ ዶክተር ቴሪል።

«ቆሜ ነው ልጄን የምሰማት። አልተቆጣሁም።»

ዶክተር ቴሪል ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ ንባብህን ቀጥል!»

ሕሊና የሚባለውን ነገር በመጻሕፍት ብዙ አጥንቻለሁ፤ ሲመጣ ድምፁ የአይብ ሠሪ ድምፅ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ወረቀቱን ለፊሊና ሰጠሁና በወንበሯ ላይ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

አነበበች። ማንም አልሳቀም።

ስሟ ሲጠራ ዶክተር ቴሪል ሕዝቡን አየ፤ እናትየውን አየ፤ ዲፕሎማውንም ዘረጋ። መዘርጋቱን ዘረጋ እንጂ አለቀቀም። ፊሊና ሳበች። እሱም ሳበ። ላም የሚያልብ እጅ ነው፤ አሸነፈች።

ሰኞ ደብዳቤ መጣ። ምስጋና መስሎኝ እየተጣደፍኩ ከፈትኩት። «ክቡር ፕሬዚዳንት፤ ልጄ ቸኩላ አነበበች፤ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ ትውጠዋለች። ወንዶቹ አይውጡም፤ ተምረዋላ! ያ የንግግር መምህር ተብዬ አራት ዓመት ሙሉ የት ነበር? አልተቆጣሁም፤ ማስታወሴ ነው።»

የት ነበርኩ? ሴቶቹን በክፍሉ የኋላ ወንበር አስቀምጬ ወንዶቹን ንግግር ሳለማምድ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ የሚያሞጋግስ ደብዳቤ ተጽፎልኛል፤ የት እንዳደረስኩት አላውቅም። የወይዘሮ ስቶዳርድ ስድብ ግን ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ዶክተር ቴሪል አንብቦ ወረወረልኝ። «እንደተለመደው መልስላት።»

ብዕሬን አነሣሁ። «ክብርት ወይዘሮ ስቶዳርድ፤ ልክ ነዎት። ከመስከረም ጀምሮ ሴቶቹ በክፍሌ ቆመው ይናገራሉ። ፕሬዚዳንቱን አላስፈቀድኩም።»

ከግርጌው የፕሬዚዳንቱን ስም መጻፍ ነበረብኝ። የራሴን ጻፍኩ።