ይቅርታ በስቴሪዮ

ለጆሮ የተዘፈነ ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ለዓይን ተዘፍኗል፣ ለጥርስ ተዘፍኗል፣ አንገትና ወገብማ ዘፋኝ አጥተው አያውቁም። ጆሮ ግን ያን ሁሉ ዘፈን አንድ በአንድ እየተቀበለ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ይኖራል እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ «አንተስ?» ያለው የለም። በልጅነታችን ጆሮ እንዳለን ትዝ የሚለን መምህሩ ሲጎትቱት ነበር። ካደግን በኋላ ደግሞ ትዝ የሚለን የሰው ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ስንል ነው። ክብሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰው ለጆሮው አንድ ነገር ልግዛለት ብሎ ሲነሣ ቅንጦት ነው አትበሉ። እኔ ለመነሣት በቂ ምክንያት ነበረኝ። ሥራዬ ሲያትል መሀል ከተማ ባለ ሆቴል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አንሶላ ማጠፍ ነው። ማሽኖቹ ሲያጓሩ የሚውሉበት ክፍል ስለሆነ የሚሰማ ነገር ካልያዛችሁ ቀኑ አይገፋም። ስልኬ ስማርት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዘፈኑም፣ ዜናውም፣ ስብከቱም ውስጡ አለ። ችግሩ ሽቦው ነበር። የማዳመጫው ሽቦ ከአንሶላው ጋር አብሮ ይታጠፋል። አንድ ቀን እንዲያውም ስልኩን ከነሽቦው በአንሶላ ጠቅልዬ ወደ ስምንተኛ ፎቅ ላክሁት። እንግዳው ደግ ሰው ነበርና መለሰልኝ። አለቃዬ ግን ያን ያህል ደግ አልነበረችም።

ገመድ አልባ ማዳመጫ ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባንድ ጆሮ ላይ ብቻ የሚንጠለጠለው ዓይነት ወጥቶ፣ ስሙም ባጭሩ «ብሉቱዝ» ተብሎ፣ ያላደረገ ወንድ አልነበረም። ጆሮው ላይ ሰክቶት ሠርግ ይሄዳል፣ ክርስትና ይሄዳል፣ ሙሽራው አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሣበታል። ማንም አይደውልለትም። ግን ቢደወልስ?

እኔ የፈለግሁት ለሁለቱም ጆሮ የሚሆነውን፣ ስቴሪዮውን ነበር። ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ሊንውድ ድረስ ሄደን አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገባን። ሻጯ ልጅ «ምን ልትሰማበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ምን መስማት እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። አንዱን ባጠልቀው ከበሮው በግራ መጣ፣ ጊታሩ በቀኝ መጣ። ሌላውን ሞከርሁ። ደግሞ ሌላውን። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ አጎነበስሁ፣ አንሶላ እንደሚያጥፍ ሰው እጄን ዘረጋሁ። ልትገዙ ከሄዳችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ መደብር ውስጥ ያላፈረ ሰው ቤቱ ገብቶ ይቆጫል።

«ሶ፣ የትኛው ነው? አንዱን ፒክ አድርግና እንውጣ እንጂ፣ ልታገባው ነው እንዴ?» አለች ሰናይት። የሷ ምርጫ ባለ አንድ ጆሮው ነበር፤ «በቀረው እኔን ትሰማኛለህ» የሚል ምክንያት አቅርባለች። ምክንያቱ ጠንካራ ቢሆንም ስቴሪዮውን ወሰድሁ። ማሰሪያው ከአንገት በስተኋላ የሚያልፍ፣ ጥቁር፣ የዝናብ ኮፍያ ሲደረብበት ጨርሶ የማይታይ ነው።

ቤት ገብቼ ከስልኩ ጋር ላስተዋውቀው ተቀመጥሁ። ስልኩ ዙሪያውን ፈልጎ ሦስት ስም ዘረዘረልኝ፤ አንዱን ነካሁ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ አልኩት፣ «ተገናኝተዋል» አለኝ። ስብከት ከፈትሁ። ጆሮዬ ላይ ጭጭ። ለካስ የተገናኘሁት ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ድምፅ ማጉያ ጋር ኖሯል። ፊሊፒናዊቷ ሴትዮ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰባኪ በአማርኛ ስለ ንስሐ እየጮኸ ነበር። ሰናይት ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች።

አሁን ከጋሽ ሸምሱ ጋር ላስተዋውቃችሁ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ባለቤት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ቢከን ሂል ላይ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ሱቅ አላቸው። እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቫናቸውን ከምሰሶ ጋር ሳጋጨው «ምሰሶው ነው የመጣብህ» ብለው ያለፉኝም እሳቸው ናቸው። አባት ነበሩ ብል አላጋነንሁም።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት የጋሽ ሸምሱ ታናሽ ወንድም ታኮማ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ሞተ። እኔ ለቅሶ አልደረስሁም።

ቆይ፣ አትፍረዱብኝ፤ ወይም ፍረዱ፣ ግን ስሙኝ። ያን ሳምንት ደርቤ ነበር የምሠራው። ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ። ቅዳሜ ሥራ ጠሩኝ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አልኩ። ለቅሶ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ብትሄዱ ዘመድ ናችሁ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ብትሄዱ ሰበብ ይዛችሁ ነው፣ ከወር በኋላ ግን ምን ይዛችሁ፣ በየትኛው እግራችሁ፣ ምን ብላችሁ ትገባላችሁ? እኔ መልሱን እየፈለግሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ። በዚያ መሀል በርበሬና ሽሮ የምገዛው ሊንውድ ድረስ እየነዳሁ ነው፤ በሱቃቸው በኩል ላለማለፍ። አንዴ መንገድ ላይ ብንገጣጠም እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ እኔም ስልኬን የማይ መሰልሁ። ያን ቀን ሥራ ላይ አንሶላ ሳጥፍ አለቀስሁ። ሰውየው ናፍቀውኝ ነበር።

ማዳመጫውን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ዝናባማ ጧት፣ ባቡር ልሳፈር ወደ ቢከን ሂል ጣቢያ ሄድሁ። ባቡሩ የሚሄደው ከምድር በታች ነው፤ በሊፍት ነው የሚወረደው፣ ታች ደግሞ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ኮፍያዬን እስከ ግንባሬ ስቤ፣ ሊፍቱ በር ፊት ለፊት ቆሜ፣ ቡታጅራ ደወልሁ፤ ለሚስቴ እናት፣ ለእትዬ አስካለ። የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ተደርገው ወር ሙሉ አልደወልሁላቸውም ነበር። የኔ ጠባይ መቼም ገብቷችኋል። ሰናይት «ዛሬ ካልደወልክ ቤት እንዳትመጣ» ብላ ነው ያስወጣችኝ።

«እትዬ አስካለ፣ በሰዓቱ ልጠይቅዎ ሲገባኝ ቀረሁ» አልኩ። «ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ዘገየሁ፣ ከዘገየሁ በኋላ ደግሞ አፈርሁ። እርስዎ እንደ ልጅዎ ነው ያዩኝ፤ እኔ ግን በክፉ ቀንዎ ጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ…»

ይህን ሁሉ ስል የሊፍቱ በር ተከፍቶ ኖሯል። ሁለቱም ጆሮዬ ቡታጅራ ስለነበረ መከፈቱን አልሰማሁም። ቀና ብል ጋሽ ሸምሱ፣ ብቻቸውን፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊቴ ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉት ግን አይሰማኝም።

እስኪ የቋንቋችንን ነገር እዩልኝ። «ይቅር በይኝ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ሰውየው በአጠገቤ ባለፉ ነበር። «ይቅር በለኝ» ብልም፣ የጓደኛውን ጣጣ ያውራ ብለው ባለፉ ነበር። አንቱ ግን ወንድና ሴት አይለይም። ከቡታጅራ አሮጊት ተነሥቶ የቢከን ሂል ሽማግሌ ላይ ሲያርፍ አንድ ፊደል አላስቀየረም።

ጋሽ ሸምሱ ትከሻዬን ይዘው ሳቡኝ፣ ጭንቅላታቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። ማይኩ ደግሞ ያለው አገጬ ሥር ነው።

«ልጄ! ምን ሆነሃል? አታልቅስ እንጂ!» አሉ እትዬ አስካለ፣ በግራም በቀኝም። «ዓይኔ እኮ ድኗል! መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ!»

አንዱን ጆሮ ፈቀቅ ሳደርግ የጋሽ ሸምሱን የመጨረሻ ቃል ብቻ አገኘሁ። «በቃ፣ አልፏል ልጄ» ነበር ያሉት። ዓይናቸውን በመሀረብ ጠርገው ወደ ዝናቡ ወጡ። እኔ ሊፍቱ ሁለቴ ተከፍቶ ሁለቴ እስኪዘጋ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ባንድ ይቅርታ ሁለት ምሕረት ያገኘ ሰው ደስ ሊለው ይገባል ትሉኝ ይሆናል። ቡታጅራ «አማቼ እንደ ሕፃን አለቀሰልኝ» ተብሎ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ ሸምሱ በሦስተኛው ቀን በሰናይት በኩል የታሸገ ቆጮ ላኩልን። ቆጮው ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ድርሻዬን ወደ ሰናይት ገፋሁት። ያልተባለላቸውን ነገር ተባለልኝ ብለው ያለቀሱ ሰው የላኩትን እንዴት ይበሉታል? ሰናይት «ዝም በል፣ ሁለታችሁም ታርቃችኋል፣ ምን ታባባሳለህ?» አለችኝ። እኔ ግን እውነቱን ብነግራቸው እንደገና ላጣቸው ነው፤ ባልነግራቸው ደግሞ ያገኘኋቸው አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጧት ወደ ሱቁ ሄድሁ። ማዳመጫውን ከአንገቴ አውልቄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁት። ጋሽ ሸምሱ ምስር እየመዘኑ በከረጢት ይሞላሉ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ያን ቀን ጣቢያው በር ላይ ያልኩት ለእርስዎ አልነበረም። በዚህ ማዳመጫ ስልክ እያወራሁ ነበር። የሚስቴን እናት ነው ይቅርታ ስጠይቅ የነበረው።»

ምስሩን መዝነው ጨረሱ። ከረጢቱን አሰሩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«እትዬ አስካለ ስትል ሰማሁህ እኮ። እኔ አስካለ እመስላለሁ?»

«ታዲያ ለምን አቀፉኝ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄንን በር ሳይ ኖርኩ» አሉ፣ በምስሩ ማንኪያ ወደ በሩ እያመለከቱ። «ደንበኛ በገባ ቁጥር አንተ ትመስለኛለህ። ከዚያ የሊፍቱ በር ሲከፈት ቃሉ ቆሞ ጠበቀኝ። አንቱ ትላለህ፣ ዘገየሁ፣ አፈርሁ፣ ጠፋሁ ትላለህ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የኔ ያልሆነች አስካለ ብቻ ናት። እና ለአንዲት ስም ብዬ ልመልሰው?»

ባንኮኒውን ዞሬ አጠገባቸው ሄድሁ። ጣቢያው በር ላይ እንደዚያ እየተያያዘ የፈሰሰልኝ ንግግር አሁን የት እንደገባ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ከዚህ በላይ አልወጣኝም።

እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ሄደው በሩ ላይ ያለውን «ክፍት» የሚለውን ሰሌዳ ገለበጡት፣ ከጓዳ ሁለት ወንበር ይዘው መጡ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ለቅሶ የደረሰ ሰው ቆሞ አይሄድም። ስለ ወንድሜ ልንገርህ።»

ተቀመጥሁ፤ ሲነግሩኝም ሰማሁ። ወንድምየው ታኮማ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ እንደነበር፣ ከፍታ ግን እንደሚፈራ፣ ሁል ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ለጋሽ ሸምሱ ደውሎ «ወጣሁ» ከወረደም በኋላ «ወረድሁ» ይል እንደነበር ነገሩኝ። ሳቅን።

ይኼኔ የበሩ መስተዋት ተንኳኳ። ቆብ ያደረገ የታክሲ ሹፌር ነው፤ በሩን ከፈት አድርጎ ራሱን ብቻ አስገባ።

«ሶሪ ጋሼ፣ ታክሲዬን ፓርክ ያደረግሁት ለአምስት ደቂቃ ነው፣ በርበሬ ብቻ ነው የምፈልገው። ዘግታችኋል እንዴ?»

«ለቅሶ ተቀምጠናል» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ወንድሜ።»

«አላህ ይማራቸው! መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት።»

ሹፌሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ውጪ የቆመውን ታክሲውን አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ፣ አንድ የምስር ከረጢት ወደ ጎን ገፋ አደረገና አጠገቤ ተቀመጠ።