ነጭ ዘርተው ቢጫ የበሉት ጋሼ ሀብቴ

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ፈቲሀ የምትኖርበት የቡታጅራ ሰፈር ግን ከሌላው የተለየ ዕድል ደርሶታል፤ ክቡር ሊቀ ጠበብት ጋሼ ሀብተጊዮርጊስን አግኝቷል። ጋሼ ሀብቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። እሳቸው የማያውቁት ነገር ካለ ገና አልተፈጠረም። ለአዋላጇ ስለ ምጥ፣ ለባጃጅ መካኒኩ ስለ ሞተር፣ ለሼኩ ስለ ጨረቃ አስረድተዋል።

ፈቲሀ አጥር ስለምትጋራቸው ከማንም በላይ ተምራለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ እንጨት ስትፈልጥም ሆነ የንብ ቀፎዋን ስታይ፣ ከአጥሩ ማዶ «ነገሩ ቀላል ነው፤ ማስተዋል ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚል ድምፅ ቀርቶባት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጋሼ ሀብቴ ጓሯቸው ነጭ በቆሎ ዘሩ። ፈቲሀም እንደ ልማዷ ቢጫውን ዘራች። በቆሎው ቁመቱን ጨርሶ አናቱ ላይ ላባ የመሰለ አበባ ሲያወጣ፣ ጋሼ ሀብቴ ማጭድ ይዘው ገቡና አበባውን አንድም ሳያስቀሩ ቆርጠው ለላማቸው ሰጡ።

«ምነው ጋሼ?» አለች ፈቲሀ።

«ፍሬ የሚይዘው ከታች፣ ወገቡ ላይ ነው። ይኼ አናቱ ላይ የተጎለተው ምን ይሠራል? ጉልበት ይበላል እንጂ።»

ፈቲሀ ዝም አለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የተማረችው ትልቁ ነገር ይኸው ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጋሼ ሀብቴ እሸት ፍሬውን ግጥም አድርጎ ያዘ። ላሟም ወፈረች። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ እሳቸውም በእሑዱ የእድር ስብሰባ ላይ ዘዴያቸውን ሊያስተምሩ ተራ ያዙ። ገና ሳይሰማቸው ሰባት አባወራ፣ ለከርሞ አናቱን ሊቆርጥ ቆርጦ ተነሣ።

ይኼኔ ፈቲሀን ጭንቅ ያዛት። ሰው ፊት ብትናገር ሽማግሌ ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል የሰፈሩ በቆሎ በሙሉ ባዶ ቆረቆንዳ ሆኖ ሊቀር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዞራ እሳቸው ጓሮ ገባችና አንድ እሸት ቆርጣ ላጠችው። ፍሬው ቢጫ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ነበር የዘሩት?»

«ነጭ።»

«ይኼስ?»

ጋሼ ሀብቴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «ንቦችሽ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ካንቺ አበባ እያመላለሱ ነው እንዲህ ያደረጉኝ።»

«ንብ እንኳ ለራሷ ናት። ከላይ ዱቄቱን ለቅማ ወደ ቀፎዋ ትሄዳለች፤ እታች እሸቱ ጸጉር ጋ የምትቀስመው ምን አላት? ወላሂ ጋሼ፣ ነፋሱ ነው። አበባው ሲደርስ ጠዋት በቆሎው መሀል ስገባ ሻሼ ዱቄት በዱቄት ይሆናል። እሱ ነው በነፋስ መጥቶ የእርስዎ እሸት ጸጉር ላይ ያረፈው። የእርስዎን ወንዱን አበባማ ለላም ሰጡት። የእኔ አበባ ባይኖር አንድ ፍሬ አያገኙም ነበር።»

ጋሼ ሀብቴ እሸቱን ተቀብለው ብዙ አገላበጡት። እንደያዙትም ቤታቸው ገቡ።

እሑድ ተራቸው ደርሶ ተነሡ። ፈቲሀ መሬት መሬት ታይ ጀመር።

«ወገኖቼ፣ እንዳትቆርጡ» አሉ። «ተሳስቼ ነበር። ስበላ የከረምኩት የፈቲሀን በረከት ነው።»

ተቀመጡ። አላብራሩም፣ ምሳሌ አልጨመሩም። ሰው ይበልጥ የደነገጠው በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። አንድ ባጃጅ ደጃቸው ላይ ተበላሽቶ ቢቆም እንኳ ያላዩ መስለው አለፉት። ፈቲሀ መጀመሪያ «ተገላገልኩ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሥራዋን እያቋረጠች ማዳመጥ ጀመረች። በስምንተኛው ቀን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍየል ስታስር ያደገችው ሴት፣ ፍየሏን በማይረባ ቋጠሮ አሰረችና አጥሩ ሥር ቆማ «ኧረ ይኼ ገመድ ምን ሆኖ ነው እምቢ የሚለኝ?» አለች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ።

የማዶው በር ሲጢጥ አለ። ጋሼ ሀብቴ ብቅ ብለው ገመዱን ተቀበሏት። ከቋጠሮ ጀምረው ወደ ፍየል ጥርስ፣ ከፍየል ጥርስ ወደ እንሴኖ መንገድ ኩርባዎች ተሻገሩ። ፈቲሀ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ የምሳ ሰዓት እስኪያልፍባት ድረስ ሁሉንም እንደ አዲስ ሰማች።