አፈሩ ነው

ግራፍ የሚያባብል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መካነ ሰላም አቅራቢያ በሚሠራ ድልድይ ላይ አንድ ኢንጂነር አውቃለሁ። መሬት ውስጥ የተቀበረውን የኮንክሪት ምሰሶ አናቱን በትንሽ መዶሻ መታ ያደርገዋል፤ ድምፁ ወርዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ መስመር ያሰምራል። መስመሩ መሐል ላይ ካበጠ ምሰሶው እዚያ ጋ ቀጥኗል ወይም ተሰንጥቋል ተብሎ ይጠረጠራል። ለእሱ ግን ጥፋተኛው ምንጊዜም ዙሪያው ያለው አፈር ነው።

አንዱ ምሰሶ መስመሩ እንደ ግመል ጎበጠ። የወግዲ ገበያተኛ ከነአህያው የሚሻገርበት ድልድይ ነው ብለን ባልደረቦቹ ብንወተውተው፣ «አፈሩ ነው» አለ። አፈር ምን አፍ አለውና ይከራከር?

ኢንጂነሩ ከወንዙ ማዶ ያጫት ልጅ አባት ጋሽ ሰይድ ሥራውን ሊያዩ መጡ።

«ደህና ነው?» አሉት።

«እንደ አለት!»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው ሰርጉ ድልድዩ እስኪያልቅ ይቆይ። ልጄን ዘመዱ ሁሉ እየጨፈረ በዚሁ ያሻግራታል። የኛን ሰው አጨፋፈር መቼም ታውቀዋለህ፤ መሬት ነው የሚደልቀው።»

ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ግመሏን ለረጅም ጊዜ አያት።

«ጋሼ፣ ይህችን ምሰሶ እንኳ መሃሏን ሰርስረን ብናያት ይሻላል» አለ።

«አፈሩ ነው ስትል አልነበር?» አልኩት በጆሮው።

«አፈሩማ አይጨፍርም!»