ዜና ውድነህ፦ የመብራት ጋኖች ጸበል እንደጠጡ

በዘመነ ማርቆስ፣ መብራት የሚሸጡ የሞተር ጌቶች በቤይሩት ላይ በነገሡ በስድስተኛው ዓመት፣ የመንግሥት መብራት እንደ ጳጳስ አልፎ አልፎ ለቡራኬ ብቻ ብቅ በሚልበት ወራት፣ በወርኃ ጥር በዕለተ እሑድ፣ ሞዐ ጨለማ ዘእምነገደ ካራንቲና፣ ፈታሔ ብሎን፣ ያልተበላሸውን ጠጋኝ፣ ኢንጂነር ውድነህ ከዙፋናቸው፣ ማለትም በካራንቲና ሰፈር ከሚያድሩበት መጋዘን ፍራሽ ተነሥተው ወደ ደክዋኔ ሰፈር ዘመቱ። ኢንጂነር ብሎ የሾማቸው ማንም የለም፤ ራሳቸው ናቸው።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ሽታዬ የምትባል ሴት በደክዋኔ በተከራየቻት ክፍል፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች በእረፍት ቀናቸው ይሰበሰባሉ። ከእነርሱም አንዷ እስከዳር ናት፤ ገና የወተት ጥርሷን ሳትጥል ትታት የመጣቻት ልጇ በዚያ እሑድ ደብረ ብርሃን ላይ ልትዳር ነበርና፣ ሙሽራዋን በስልክ ለማየት ማዳሟን ለምና መጣች። የሰፈሩ ሞተር ከቀትር በኋላ ያርፋል፤ ሞተሩ ሲያርፍ የኢንተርኔቱም ሳጥን አብሮ ይሞታል። ለዚህ ግን መላ ነበረው፦ ከወደቀ አውቶቡስ የወጡ፣ ሱፐርካፓሲተር የሚባሉ ስድስት የኃይል ጋኖች ሳጥኑን አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት ነበር። አንድ ሰዓት ለእስከዳር ይበቃት ነበር። ለጀግናው ግን አልበቃም።

ከእርሳቸውም ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ፒንሳ ያዥ ቸርነት፣ ስልክ ደግኖ ገድሉን በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሚፍታህ፣ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ የሚያበራ አንድ፣ «በርቱ» የሚል አንድ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ፣ እርሱንም የሚከተል ሌላ። ይህ ሁሉ ሠራዊት በሽታዬ ጠባብ በር በአንድነት ልግባ ብሎ ተሰነቀረ፤ እህቶችም ከውስጥ እየጎተቱ አስገቡት።

በገቡም ጊዜ ጀግናው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ያላ፣ በደክዋኔ ያላችሁ ሁሉ ስሙ! አንድ ሰዓት ምን ይሆናል? ያኒ፣ እኔ እያለሁ? ጋኖቹን ከፍቼ የአዮኖቹን አጃቢ እለውጣለሁ፤ ሠርጉን እስከ ቅልቅሉ ታያላችሁ። ኸላስ፣ ጨለማ አብቅቷል!» እስከዳርም በበኩሏ «ጋሼ ውድነህ፣ ሲልቩፕሌ፣ እባክዎ፣ የሚሠራውን አይንኩብኝ» ብላ አወጀች፤ በዚያ ሠራዊት ዘንድ ግን የእርሷ አዋጅ ሰሚ አልነበረውም።

ስለ አጃቢ የተናገሩት ግማሽ እውነት ነበረው። በጋኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት የከሰል ግድግዳ አለ፤ ኃይል የተሸከሙ አዮኖችም በፈሳሽ ውስጥ ወደ ግድግዳው ይጓዛሉ። አዮን እንደ መኳንንት ነው፤ ብቻውን አይሄድም፣ ያሟሟው ፈሳሽ ሞለኪውሎች በዙሪያው ይኮለኮላሉ። አጃቢው ሲበዛና ሲወፍር አዮኑ ከቀዳዳው ደጅ ይቀራል፤ አጃቢውን አራግፎ የገባ ግን ከግድግዳው ይጠጋል፣ በተጠጋም መጠን ብዙ ኃይል ይከማቻል። ይህን ጀግናው ፍራሻቸው ላይ ተጋድመው በስልክ ተምረዋል። አጃቢ የሚመረጠው በቅጥነቱ ብቻ ሳይሆን የቮልቴጁን ጫና ሳይፈርስ በመቻሉም ነው የሚለው ትምህርት የመጣው እርሳቸው ካንኮራፉ በኋላ ነው።

ወእምዝ፣ ከውኃ የቀጠነ አጃቢ የለም ብለው ፈረዱ። ጋኖቹን በሰነጠቁ ጊዜ የቀድሞው ፈሳሽ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሴቶቹም እያሳሉ መስኮት ከፈቱ። የቧንቧውን ውኃ ጨው አለበት ብለው ናቁት። ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ የመጣውን፣ ሽታዬ ለታመመ ብቻ በጠብታ የምትሰጠውን ጸበል ከመደርደሪያው አውርደው ጋኖቹን አጠጡ፤ ከዚያም ጨው ጨመሩበት። አፋቸውን በማስቲሽ ደፍነው፣ ሞተሩ ሳያርፍ፣ ጋኖቹ በደጉ ዘመን የለመዱትን ያህል ኤሌክትሪክ ለቀቁባቸው። ውኃ ግን የዚያን ጫና እኩሌታ እንኳ ሳይችል ወደ ጋዝ ይፈርሳል። ጋኖቹ እንደ እርጉዝ ፍየል ሆዳቸው ተነፋ፤ አከታትለውም ፈነዱ፤ ጸበልና ጥቁር ከሰል በሠራዊቱ ላይ ዘነበ።

ሞተሩም በሰዓቱ አረፈ፣ ሳጥኑም ጠፋ። በስልካቸው ኢንተርኔት የነበራቸው ሁሉ የጀግናውን ገድል ሲያስተላልፉና ሲመለከቱ ጨርሰውት ነበር። ሽታዬ በተረፈቻት ካርድ ደብረ ብርሃን ደወለች፤ እስከዳርም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እልልታውን ሰማች። ልጇ ባበቀለችው ጥርስ ስትስቅ ግን አላየችም።

ካርዱ ሲያልቅ እንባዋን ጠርጋ አወጀች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሰውዬ በዚህ በር እንዳይገባ!»

ያን ጊዜ ቸርነት ፒንሳውን ጣለ፣ ሚፍታህ ቪዲዮውን አጠፋ፣ ሥራው ያልታወቀውም ከተከታዩ ጋር ወጣ። ውድነህ ብቻውን ቀረ፤ አንቱ የሚለው ስላልተገኘ እኛም ከዚህ በኋላ ትተነዋል። አጃቢ የሌለው ሰው በጠባብ በር እንዴት በቀላሉ እንደሚያልፍ በዚያች ዕለት ታየ፤ ያለፈው ግን ወደ ውጭ ነው።

ስለዚህ ደክዋኔ ታመስግነው፣ ካራንቲናም በልጇ ትኩራ። እናትን ያስለቀሱ ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ ለዚያ ግን ጦርና እሳት አስፈልጓቸው ነበር። የሚሠራን ነገር በመጠገን ብቻ እናትን ያስለቀሰ ከውድነህ በፊት አልተነሣም።