ቀበሮው አማርኛ አይችልም

አዋቂ ሰው ካርቱን ሲያይ ከተያዘ መልሱ አንድ ነው፦ «ለልጆቹ ብዬ እኮ ነው።» እናንተም ብላችሁት ታውቃላችሁ፤ አትደብቁኝ። ይህ ሰበብ ግን ልጅ ለሌለው ሰው አያገለግልም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ከደብረ ታቦር መጥቼ ሰቆጣ ሳስተምር፣ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ የምንሰበሰበው አብዛኞቻችን ወይ ገና አላገባንም፣ ወይ ቤተሰባችንን ሌላ አገር ትተን የመጣን ነበርን። ስለዚህ ሌላ ሰበብ ፈጠርን፤ ዜና ልናይ ነው የመጣነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዜናው በፊት ካርቱን ስለሚታይ፣ ወንበር እንዳናጣ ብለን ቀደም ብለን እንገባለን። በሌላው ቀን ለዜና ቀድሞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ የደረስኩበት መልስ ነበረኝ። ሳምንቱን ሙሉ በስብሰባና በግምገማ የደከመ ሰው፣ ዶሮ ሲያሳድድ ገደል ገብቶ አቧራውን አራግፎ የሚነሳ ቀበሮ ሲያይ ደስ ይለዋል። የወደቅህበትን ምክንያት በጽሑፍ አቅርብ የሚለው የለም። ለምትኩ ሽምግልና እስክሄድ ድረስ መልሱ በቂ ይመስለኝ ነበር።

ምትኩ የጎጃም ልጅ ነው፤ ሰቆጣ ዙሪያ ከብት ያክማል። የወደዳት ብርነሽ የማር ነጋዴው የአቶ ኪሮስ ልጅ ናት። ዘመዶቹ ሩቅ ስለሆኑ ሽማግሌ ሆነን የሄድነው የሰቆጣ ተወላጁ አቶ ደምሴና እኔ ነን። አቶ ኪሮስ ሁለት ጊዜ መለሱን። «የሰው አገር ሰው ነው፤ ነገ ዝውውር ሲያገኝ ይዟት ይሄዳል» ይላሉ። ከወንዶቹ ልጆቻቸው አንዱ ጅዳ፣ አንዱ ባሕር ዳር ገብተው ቀርተዋል፤ ቤት ያለችው ብርነሽ ብቻ ናት። ምትኩም በበኩሉ፣ በሦስተኛው ባዶ እጃችንን ከተመለስን ሰቆጣን ጥሎ እንደሚሄድ ቁርጡን ነግሮናል።

ሦስተኛው ጉዟችን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሆነ። እንደ ወጉ እልፍኙ መሐል ቆምን። «ጉዳያችን ካልተፈጸመልን አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሴ።

አቶ ኪሮስ እኛን አላዩንም። ከኋላችን ያለውን፣ የጅዳው ልጃቸው የላከላቸውን ቴሌቪዥን ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «መቆሙን ቁሙ፤ ግን ወደ ጎን በሉልኝ፤ ጋርዳችሁኛል» አሉ።

ዞር ብል ያው የክበባችን ከሲታ ቀበሮ ያችኑ ወፍራም ዶሮ ያባርራል። ካርቱኑ ንግግር የለውም፤ ሙዚቃና ግጭት ብቻ ነው። እዚህ ቤት ግን ይናገራል። ብርነሽ ከአባቷ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በጎርናና ድምፅ ቀበሮውን፣ በቀጭን ድምፅ ዶሮዋን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ ታናግራቸዋለች። ገበያ ላይ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቀው አቶ ኪሮስ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

«መምህር» አሉኝ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ «ይኼ ሳጥን ቤቴ ከገባ ጀምሮ በእናቴ ቋንቋ ሲናገር የሰማሁት ይኼን ቀበሮ ብቻ ነው። እሷን ከወሰዳችሁብኝ እሱም ዝም ይላል።»

ቀበሮው ዶሮዋን ገደል አፋፍ ላይ አድርሷታል። ብርነሽ ድምፅዋን አቅጥና አንድ ነገር ተናገረች። የአቶ ኪሮስ ሳቅ ቆመ። አቶ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ተረጎሙልኝ፤ ዶሮዋ «አባዬ፣ መሮጥ ሰልችቶኛል፤ ሰውየውን እወደዋለሁ» ብላለች።

«ይኼን ያለችው ዶሮዋ ናት?» አሉ አቶ ኪሮስ፣ እኛም እንድንሰማ በአማርኛ።

«ዶሮዋ ናት፣ አባዬ» አለች ብርነሽ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«እንግዲህ ዶሮዋ ካለች...» ብለው ቀበሮውን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጡ ማለት ፈቀድኩ ማለት ነው። የካርቱን ነገር በደንብ የገባኝም ያኔ ነው። ብርነሽ አባቷና ሽማግሌ ፊት «እወደዋለሁ» ብትል ነውር ነው፤ ዶሮን ግን ማን ይከለክላታል? አቶ ኪሮስም ለልጃቸው ከሚሸነፉ ለዶሮ መሸነፉ ቀለላቸው።

ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ምትኩ ወደ ሌላ ወረዳ፣ ወደ ፃግብጂ ተዛወረ፤ ብርነሽም አብራው ሄደች። አቶ ኪሮስ የፈሩት ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ሳጥኑን ከፍተው ሳይስቁ ያያሉ። በርጩማው ባዶ ነው። አንጀቴን በሉት። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ድምፄን አጎርንኜ ቀበሮውን ማናገር ጀመርኩ።

«ተው መምህር» አሉኝ፤ «እሱ አማርኛ አይችልም።»

በማግስቱ አቶ ደምሴ ዘንድ ሄጄ ኽምጣንጋ ያስተምሩኝ አልኳቸው። ትምህርቱ አልገፋልኝም፤ ከሰላምታ አላለፍኩም። ስለዚህ የእኔ ቀበሮ ምላሱን አውጥቶ ዶሮዋን ሊበላት እየሮጠ «እንዴት ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ?» ይላታል። አቶ ኪሮስ እንደ ድሮው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ፤ በእኔ ይሁን በቀበሮው አልጠየቅኋቸውም። የክበቡ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው ሲሉኝ፣ መቼም ካርቱን ላይ ነኝ አይባልም። ቋንቋ እየተማርኩ ነው እላቸዋለሁ።