ምጥን የተከራከሩት እትዬ በለጥሻቸው

ተከራካሪ የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ተከራካሪው እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ቤተሰባችሁ እስካሁን ያልነገራችሁም ክርክሩን ስለማይችለው ነው።

ተከራካሪ ስል ገበያ ላይ ዋጋ የሚያስቀንሰውን ማለቴ አይደለም። እሱማ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ነው። እኔ ዱባይ ተራ ገብቼ ሻጩ የጠራውን ከፍዬ፣ አመስግኜ የምወጣ ሰው ነኝ። ሻጮቹ ያዝኑልኛል። አንዱማ ጫማውን እያሸገልኝ «ኧረ ወንድሜ፣ ለወጉ እንኳን ትንሽ ተከራከር» ብሎኛል። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ዓይነት ነው፤ ገበያ ያልወጣውን ነገር ሁሉ ስለሚከራከረው።

የዚህ ወገን መሪ፣ የጎጃም በረንዳዋ የማርና የቅቤ ነጋዴ፣ የባለቤቴ የሔለን እናት፣ ክብርት እትዬ በለጥሻቸው ናቸው።

ሐኪም «በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጡት» ሲላቸው «ሁለት አድርገውና ደህና አድርጌ ልዋጠው» ይላሉ። የነፍስ አባታቸው አርባ ስግደት ቢያዟቸው ጉልበታቸውን አሳይተው ሃያ አምስት ላይ ተስማምተዋል። አሁን አሁንማ ቄሱ ቁጥር ከመጥራታቸው በፊት «እርስዎ ስንት ይላሉ?» ብለው ይጠይቃሉ አሉ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ካሉ በኋላ ከረዳቱ ጋር ስለ መውረጃው ይደራደራሉ፦ «ትንሽ ገፋ በል፣ እዚያች ግንብ ጋ፣ ኧረ ከግንቡ አለፍ በል።» ሔለንን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ለሠርጉ እኛ ጥር አልን፣ እሳቸው ግንቦት ጠሩ፣ ሚያዝያ ላይ ተስማማን። ሽማግሌዎቼ ሲወጡ ላብ በላብ ሆነው ነበር።

ሁለት መሣሪያ አላቸው። አንደኛው «መጨረሻውን ንገረኝ» የምትለዋ ቃላቸው ናት። ሁለተኛው ሲብስ የሚመዘዝ ነው፤ «ተወው» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። አይቸኩሉም። ጀርባቸውን ሰጥተው በእርጋታ ይራመዳሉ። እሳቸውን አሥር እርምጃ ሳይሞላ ያልጠራ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ የለም።

ታዲያ ሔለን አረገዘች። ሐኪሙ «ሰኔ አሥራ አምስት አካባቢ ትወልጃለሽ» አላት። እትዬ በለጥሻቸው ይህን ሲሰሙ «ሰኔ አንድ አይሻልም? ክረምቱ ሳይከብድ» አሉ። ሐኪሙ በቦታው ስላልነበረ መልሱን ከእኔ ይጠብቁ ጀመር።

ሔለን ግን ፈርታ ነበር። ይህቺን በቀልድ አላልፋትም። ዱባይ ተራ ጫማ ትሸጣለች፤ ሆዷን ያየች ደንበኛ ሁሉ የራሷን የምጥ ታሪክ ዘርዝራላት፣ ጫማውን ሳትገዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ እጄን ያዝ አድርጋ «የሚያስፈራኝ ሕመሙ ብቻ አይደለም» አለችኝ። «ምን እየሆንኩ እንደሆነ ሳላውቅ እዚያ አልጋ ላይ መተኛቱ ነው የሚያስፈራኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ማስታወቂያ አየን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወልዱ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት፣ አራት ቅዳሜ ጠዋት። እናትየዋ አንድ ሰው ይዛ ትመጣለች። በወሊዱ ቀን አብሮ የሚገባው የተማረ ሰው ብቻ ነው፤ ያልተማረ ውጭ ይጠብቃል።

እትዬ በለጥሻቸው ሲሰሙ ሳቃቸው አላቆም አለ።

«ምጥ በኮርስ! እኔ አራት የወለድኩት በየትኛው ዲግሪዬ ነው? ደግሞስ ተምረሽ ስትጨርሺ ሰርተፍኬቱን ማን ሊወልደው ነው?»

የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔና ሔለን ሄድን። ጀርባ ማሸት፣ በአፍንጫ አየር ስቦ በአፍ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ሕፃን ማጠብ ተማርን። ሕፃኗ አሻንጉሊት ናት፤ የጣልኳትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የማህፀን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ግን ላብ አጠመቀኝ። አስተማሪያችን፣ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ሀፍሷ፣ ወንበር ሳበችልኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እትዬ በለጥሻቸው ከች አሉ። ቅዳሜ ለመርካቶ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሳምንቱ ገበያ የሚሞቀው ያን ቀን ነው። እሳቸው በንግድ ዘመናቸው ሁሉ ቅዳሜ ሱቅ ዘግተው አያውቁም። «የተፈቀደው አንድ ሰው ነው» ሲባሉ «ልጄን ምን እንደሚሏት ሰምቼ ልመለስ ነው፣ አልቀመጥም» አሉና ከፊት ረድፍ ተቀመጡ።

ሲስተር ሀፍሷ «ምጡ በየአምስት ደቂቃው መምጣት ሲጀምር ወደ እኛ ኑ» አለች።

«አሥር አድርጊው ልጄ።»

«ምኑን እትዬ?»

«ደቂቃውን ነዋ። እኛ ሰፈር አይሱዙ ዕቃ ሲያራግፍ አይተሽ አታውቂም? እንኳን እርጉዝ ሞተርም አያልፍም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሲስተር ሀፍሷ ግን ጥቂት አሰበችና መንገዱ ለሚዘጋበት ሰው ቀደም ብሎ መነሳት ጥሩ እንደሆነ ተናገረች። እትዬ በለጥሻቸው ዞር ብለው አዩኝ። እንዲህ ነው የሚገዛው ማለታቸው ነው።

ድሉ ብዙ አልቆየም። «የመጀመሪያ ልጅ ምጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል» ስትባል «መጨረሻውን ንገሪኝ» አሉ። «አሥራ ስምንትም ሊደርስ ይችላል እትዬ» አለች። ተከራክረው ዋጋ ሲጨምርባቸው ያን ቀን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ትምህርቱ ስለ አደገኛ ምልክቶች ነበር። ደም መፍሰስ፣ ፊትና እጅ ማበጥ፣ የጸና ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ። ሲስተር ሀፍሷ የዚያን ቀን አልሳቀችም።

«እነዚህን ያየች ሴት ቤት አትቆይም» አለች።

«ትንሽ አረፍ ብላ ብታየውስ?» አሉ እትዬ በለጥሻቸው።

«አይሆንም።»

«እስኪነጋ ብቻ።»

«እስኪነጋም አይሆንም እትዬ። ወዲያው ነው የሚመጣው።»

እኔ «መጨረሻውን ንገሪኝን» ጠበቅኩ። አልመጣም። አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

ስንወጣ ሔለን አብረዋት ከሚማሩት እናቶች ጋር ወደፊት ቀደመች። እትዬ በለጥሻቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ይድነቃቸው፣ ሔለንን ሳምጥ ዓይኔ ደብዝዞብኝ ነበር።»

እርምጃዬን ቀነስኩላቸው።

«ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ጎረቤቶቼ እንውሰድሽ አሉኝ፤ እስኪነጋ ያልኩት እኔው ነኝ። የመጀመሪያዬ ናት፣ ምን አውቄ? እንዲህ ያለው አይጠበቅም ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሲነጋ የቅቤ ቆርቆሮ በምንገፋበት ጋሪ ጭነው አደረሱኝ። ሦስት ቀን ራሴን አላውቅም። ልጄን ያየኋት በአራተኛው ቀን ነው።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ለሷ አልነገርኳትም። እንዳትነግራት።»

አፈርኩ። ለሳምንታት ለጓደኞቼ እያስመሰልኩ ያሳቅሁባቸው ሴት፣ አንድ ጊዜ የማይከራከሩትን ተከራክረው ሊሞቱ ነበር። ወደዚያ ክፍል ለመግባት ሃያ ስምንት ዓመት ዘግይተዋል፤ ለልጃቸው ግን ደርሰዋል።

ኀዘኔታዬ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ብቻ ቆየ። ምክንያቱም ሔለን ቆማ የምትጠብቀን ጋ ስንደርስ «እንግዲህ አብሬያት የምገባው እኔ ነኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ባሏ ነኝ። አንድ ክፍለ ጊዜም አላመለጠኝም።»

«አንተ ሥዕል አይተህ ወንበር የተሳበልህ ሰው ነህ።»

ሔለን ነግራቸዋለች ማለት ነው። ዘወር ብዬ ሳያት ሰማይ ታያለች። ለብቻችን ስንሆን ማንን እንደምትመርጥ ጠየቅኋት። «ሁለታችሁንም እፈልጋለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ እትዬ በለጥሻቸው ለልጃቸው ሊደራደሩ ሲስተር ሀፍሷ ፊት ቆሙ።

«ሁለታችንም እንግባ።»

«ክፍሉ ጠባብ ነው እትዬ። የሚገባው አንድ ሰው ነው።»

«መጨረሻውን ንገሪኝ።»

«አንድ።»

«ተዪው በቃ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው መሄድ ጀመሩ። እኔ እርምጃቸውን እቆጥራለሁ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። የጠራቸው የለም። አሥራ አምስት። ሲስተር ሀፍሷ ቀጣይዋን እናት ማነጋገር ጀመረች። ጭራሽ ጥበቃው ሊወጡ መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። እትዬ በለጥሻቸው የተከፈተውን በር ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተመለሱ። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይነካል።

«አንድ አይደል ያልሽው? እሺ፣ አንድ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እኔና እሱ በተራ ብንገባ ግን ውስጥ ያለው ምን ጊዜም አንድ ነው።»

ሲስተር ሀፍሷ ሳቋ አመለጣት። «ይሁን» አለች።

ምጡ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ለሰኔ አሥራ አምስት አምስት ቀን ሲቀረው። ሔለን ሰዓቷን እያየች «በየአሥር ደቂቃው ሆኗል፣ እንሂድ» አለች። እንደተባለውም ጎጃም በረንዳ ላይ አንድ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ያራግፋል። እትዬ በለጥሻቸው ከታክሲው ወርደው የአይሱዙውን በር በመዳፋቸው ደበደቡ። «አንተ! ወይ ንዳ፣ ወይ ና ውለድልን!» ሾፌሩ ነዳ።

ሲስተር ሀፍሷ መርምራ «አራት ሳንቲ ሜትር ተከፍቷል» አለች።

«አምስት በያት፣ ደስ ይበላት።»

«እትዬ፣ ይኼ አይጨመርም።»

የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነበር። ጀርባዋን አሸሁ፣ አብሬያት ተነፈስኩ፣ እጄን ስትጨብጠኝ አልጮህኩም፤ መጮህ ግን ሲያንሰኝ ነበር። ሔለን ሕመሙ ሲጀምራት «መጣ፣ አሁን ይጠነክራል፣ ከዚያ ይለቀኛል» እያለች ትነግረኝ ነበር። ትፈራለች፤ ግን የሚሆነውን ሁሉ ታውቀው ነበር። የአራቱ ቅዳሜዎች ጥቅም ይኼ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል የእትዬ በለጥሻቸው ተራ ደረሰና ኮሪደር ላይ ወጣሁ። በሩ ድምፅ አይከለክልም።

«አንዴ ብቻ ግፊልኝ የኔ እናት።»

«ቅድም የመጨረሻ ነው አላልሽኝም!»

«እሱማ የመጨረሻ ነበር። ይኼ የመጨረሻው መጨረሻ ነው።»

«አልችልም እማዬ! በቃ አልችልም!»

«እሺ ግማሽ። ግማሽ ብቻ ስጪኝና ተዪው።»

ሔለን ግማሽ ልትሰጥ ጀምራ ሙሉውን ሰጠች። የልጅ ለቅሶ ተሰማ፤ ተከትሎም እልልታ። የተወለደችው ሴት ናት፤ ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ። እትዬ በለጥሻቸው ሰባት አደረሱት። ሲስተር ሀፍሷ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ እዚያ ክፍል የምታምጥ አለች» ስትላቸው «ታዲያ ትስማና ትበርታ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቅስ ነበር። ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

ዛሬ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ትምህርቱ ይጠቅም እንደሆነ ይጠይቁኛል። ምጡን በአንድ ደቂቃ አያሳጥረውም፤ እሱን ከእኛ በላይ የሞከረ የለም። የቀረውን ግን ይጠቅማል። ሂዱ፣ እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሔለን ገና አራስ ሳለች፣ አንድ ቅዳሜ ለገንፎዋ ቅቤ ላመጣ ጎጃም በረንዳ ሄድኩ። የእትዬ በለጥሻቸው ሱቅ ተዘግቷል፤ በሩ ላይ በርጩማ ተጋድሞበታል። ጎረቤታቸው ነጋዴው ሰሚር «ትምህርት ቤት ናቸው» አለኝ እየሳቀ። አላመንኩትም። ጤና ጣቢያው ቅርብ ስለሆነ ሄጄ በመስኮት አየሁ።

ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጫልቱ አለች፤ ከእሳቸው ሱቅ ፊት ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ከአምቦ በኩል የመጣች፣ ሆዷ የገፋ ልጅ። ባሏ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ከቀረ ቦታውን ሌላ ይይዝበታል። ሌላ ዘመድ አዲስ አበባ የላትም። እትዬ በለጥሻቸው በመዳፋቸው ጀርባዋን ያሻሉ፤ ልክ እንደተማርነው፣ ከታች ወደ ላይ። ሲስተር ሀፍሷ መዝገቡን ይዛ ፊታቸው ቆማለች። እኔ እኚህን ሴት ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት በዚያች መስኮት ነው።

«አብሯት የሚገባው እርስዎ ነዎት?» አለች ሲስተር ሀፍሷ። «ምኗ ነዎት ብዬ ልጻፍ?»

ጫልቱ አቀርቅራ «ጎረቤቴ…» ብላ ጀመረች።

«እናቷ ነኝ» አሉ እትዬ በለጥሻቸው።

ሲስተር ሀፍሷ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አንድም ጥያቄ ሳትጨምር ጻፈችው።