መቶ አንድ ከግማሽ

ጋዜጠኛ ከብት በረት እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ በቴክሳስ አለመኖሩ ይገርመኛል። ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት የሚያውቅ ሰው፣ ስለ አንድ ነገር ብዙ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ሲቆም ዝም አይልም። ዝም ማለት ቢችል ኖሮማ ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁም፣ ኋላ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ተቀምጬ ለወገኖቻችን በወር አንዴ በማወጣው ስስ ጋዜጣም፣ ደንቤ አንድ ነበር፦ አንድ ምንጭ ወሬ ነው፤ ሦስት ምንጭ እውነት ነው። ይህን ደንብ ያዙልኝ፤ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

ጋሽ ግዛው ደብረ ዘይት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ዳላስ መጥተው ታክሲ ነዱ። በነዚያ ዓመታት ያከሙት ጎማ ብቻ እንደሆነ እየሳቁ ይናገራሉ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ግን ከፎርት ዎርዝ ወዲያ ያለ አንድ የወተት ላም አርቢ ለሙከራ ቀጠራቸው። የላሞቹ ባለቤት ለወንድሙ ሠርግ ሂውስተን ሲሄድ የመንጋውን ጤና ለቅዳሜና እሁድ ለእሳቸው ይተዋል። ሰኞ ሁሉን ደህና ካገኘ ቋሚ ይሆናሉ፤ ካላገኘ ያው ወደ ኤርፖርት ወረፋ።

ይህ ዜና አይደለም? ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን ይዤ ደረስኩ። ጋሽ ግዛው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በላሞቹ መሃል ይዞራሉ። አፍንጫ ያያሉ፣ ጆሮ ይዳስሳሉ፣ እበት ፊት ቆመው ያሰላስላሉ። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ኩባያ ላይ ጠብ አድርገው፣ የረጋ ነገር እንዳለበት አቀርቅረው ይመረምራሉ። ሙቀታቸውንስ ለክተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የምታመሰኳ ላም ምኗ ይለካል?” አሉኝ።

ይሄ ለጋዜጠኛ መልስ ነው? አንዲት ትልቅ ላም ደግሞ ከጓደኞቿ ተለይታ ቆማለች፤ ሁኔታዋ አላማረኝም። ባለቤቴ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ቦርሳዋ መኪናዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ቦርሳው ውስጥ ቴርሞሜትር አለ። ጋሽ ግዛው ወደ ጥጆቹ ዞር ሲሉ ሥራዬን ጀመርኩ። የት እንደከተትኩት አንባቢ አይጠይቀኝ፤ ላሟም አልጠየቀችኝም፣ ዞር ብላ አየችኝ እንጂ። መቶ አንድ ከግማሽ ፋራናይት! በማስታወሻዬ ላይ ወደ ሴንቲግሬድ ብመልሰውም ትኩሳት ነው። ሁለተኛዋን ለካሁ፤ ያው መቶ አንድ። ሦስተኛዋ ጭራሽ ለመቶ ሁለት ትንሽ ቀራት። ሦስት ምንጭ! ወረርሽኝ ገብቷል ማለት ነው።

ቴርሞሜትሩን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥቤ ወደ ቦርሳው መለስኩ። ይህም ይመዝገብልኝ።

ለጋሽ ግዛው ብነግራቸው ሳቁና መኖ ወደ መመልከት ሄዱ። እኔ ደግሞ ኃላፊ ሲያስተባብል ወሬው ይበልጥ የሚጥመኝ ሰው ነኝ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለቤቱ ያረፈበት ሆቴል ቁጥር ተለጥፏል። ኮል አደረግሁ። እሱ ሠርግ ላይ ስለነበር ለእንግዳ ተቀባዩ መልእክት ተውኩ፦ ላሞቹ ትኩሳት ይዟቸዋል፤ እየተዛመተ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው በሠርግ ሱፉ፣ የእንስሳት ሐኪም አስከትሎ ከች አለ። ጋሽ ግዛው ያደረግሁትን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። አልጮኹብኝም።

“ታክሲዋን አስረክቤያለሁ እኮ” አሉኝ ቀስ ብለው።

ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ መንጋውን ዞሮ አየ፣ በራሱ መሣሪያ ለካ፣ ከዚያ ትኩሳቱን ያገኘው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ማስታወሻዬን ገልጬ በኩራት አነበብኩለት። የጤነኛ ላም ሙቀት መቶ አንድ ከግማሽ ገደማ መሆኑን፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ነገረኝ። ላሞቹ ጤነኛ መሆናቸውን በሦስት ምንጭ አረጋግጫለሁ ማለት ነው።

ባለቤቱ ወደ ጋሽ ግዛው ዞሮ ለምን አልደወልክም አላቸው። ይበላሉ፣ ያመሰኳሉ፣ አፍንጫቸው ርጥብ ነው፣ ለምን እደውላለሁ ብለው መለሱ። ሰውየው ከረባቱን አላላ። ጋዜጠኛ አጠገቡ ቆሞ የማይደነግጥ ሰው ሲፈልግ እንደኖረ ተናግሮ እዚያው ቋሚ አደረጋቸው። ለእኔ በሩን አሳየኝ።

በክረምቱ ኢንፍሉዌንዛ ጣለኝ። ያዝንልኛል ብዬ የደወልኩት ለማን መሰላችሁ?

“አፍንጫህ ረጥቧል?” አሉ ጋሽ ግዛው።

በጣም አልኩ።

“ታላምጣለህ?”

ትንሽ ትንሽ አልኩ።

“ሶ፣ ደህና ነህ። ተነስና ሥራህን ሥራ።”

ባለቤቴ ግን እንደ እኔው ቁጥር ካላየች የማታምን ሴት ናት። ከሥራ እንደገባች ቦርሳዋን ከፈተችና ያንን ቴርሞሜትር አውጥታ አፍህን ክፈት አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ሐቅ ይውጣ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት ሐቅ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች።

ዋጥኳትና አፌን ከፈትኩ።